እንጀራዬን የመዘንኩበት ዓመት

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ላለፉት ዐሥራ አራት ዓመታት ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሌሎችን ገቢና ወጪ ሳስታርቅ ኖሬአለሁ፤ መዝገቡ ከካዝናው ጋር አልገጥም ያለ ቀን ጉድለቱ የት እንደ ገባ ሳላውቅ ወደ ቤቴ መሄድ አይሆንልኝም። የገዛ ሰውነቴ ግን በየዓመቱ አንድ ሁለት ኪሎ እየጨመረ ሲሄድ አንድም ቀን ሒሳቡን አልጠየቅኩም ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት ወር ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሚዛን ላይ ብወጣ 81 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሴንቲ ሜትር፣ ዕድሜዬ ደግሞ ያን ጊዜ 38 ነበር። የክብደትን ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉት የሚገኘው ምጣኔ 30.9 መጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ብሎ የሚመድበው ይህንኑ ቁጥር ነው።

ይህን ያህል ዘመን ሳላስተውለው የቆየሁት በከፊል በአካባቢያችን ልማድ ምክንያት ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ክብደት የጨመረ ሰው «ተስማማህ፣ ወዝ አገኘህ» ይባላል እንጂ ማንም አይወቅሰውም። ለእናቴ ልቀንስ ማሰቤን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጤናዬ አልነበረም። «ልጄ፣ አንቺ ስትከሺ ሰው ምን ሊል ነው? ባሏ አስራባት አይልም?» ነበር ያለችው። ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ነበርና ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከክፍሉ ወጣ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከስልክ ላይ የተለቀመ ነበር። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ስኳርና ፍራፍሬ ሙሉ በሙሉ ቀርተው እንቁላል፣ ሥጋ፣ ቅቤና አይብ እንደ ልብ የሚበሉበት፣ በቀን የሚገባውን ካርቦሃይድሬት ከ50 ግራም በታች የሚያወርድ፣ በተለምዶ «ኬቶ» የሚባለው አመጋገብ ነው። በትምህርት ቤት ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለን ከፍለን ነበር የተማርነው፤ ይህ አመጋገብ ከኃይል ሰጪዎቹ ዋናውን፣ ያውም ሌማቱን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍነውን፣ ነቅሎ ማውጣት ማለት ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ 3 ኪሎ ከ400 ግራም ቀነስኩ። ለሰማኝ ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ኅዳር 15 ደረሰ፤ ጾመ ነቢያት ገባ፤ እንቁላሉም ሥጋውም አይቡም በአንድ ሌሊት ከቤቴ ወጡ። ወደ ሽሮዬና ወደ እንጀራዬ ተመለስኩ፤ በዐሥር ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከ800 ግራሙ ተመልሶ መጣ።

መጀመሪያ ላይ ጾሙ ያወፈረኝ መስሎኝ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ሰውነታችን ከካርቦሃይድሬት የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የአንድ አዋቂ ሰው ክምችት በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ግራም ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት በድንገት ሲቋረጥ ክምችቱ ከነውኃው ይወጣል፤ ሲመለስ ውኃውም አብሮ ይመለሳል። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀነስኩ ብዬ ካወራሁት ውስጥ ትልቁ ድርሻ ውኃ ነበር። በሒሳብ ቋንቋ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው የተዛወረን ገንዘብ እንደ ትርፍ መዝግቤ ነበር ማለት ነው፤ አንድ ጀማሪ ረዳት እንዲህ ያለ መዝገብ ቢያመጣልኝ የምለውን አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው መዝገብ የከፈትኩት። የምግብ ጉልበት የሚለካበት ካሎሪ፣ በትክክለኛ አጠራሩ ኪሎካሎሪ፣ አስቸጋሪ ነገር አይደለም። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ፕሮቲንም 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎካሎሪ ይሰጣል። የምግቦቹን ቁጥሮች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በረጅም ልፋት አስልቶ ያስቀመጣቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬም በሥራ ላይ አሉ። የወጪውን ወገን ለመገመት ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሚፍሊንና የሴንት ጂኦርን ስሌት ተጠቀምኩ፤ ለሴት ክብደት በ10፣ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25፣ ዕድሜ በ5 ይባዛል፤ ሁለቱ ተደምረው የዕድሜው ይቀነሳል፤ በመጨረሻም 161 ይቀነሳል። ለእኔ 1,471 ገደማ መጣ። ይህ ተኝቼ ብውል እንኳ ሰውነቴ የሚያወጣው ነው። ቀኑን በወንበር ላይ የማሳልፍ፣ አልፎ አልፎ የምራመድ ሰው ስለሆንኩ በ1.4 ሳባዛው በቀን 2,060 ገደማ ሆነ። ከዚህ በላይ ከበላሁ እጨምራለሁ፤ ከዚህ በታች ከበላሁ እቀንሳለሁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎካሎሪ ያህል ስለሚይዝ በቀን 500 ብጎድል በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ሊወርድ ይገባል፤ በወረቀት ላይ እንደዚያ ነው፤ ወረቀቱን በኋላ እንመለስበታለን።

ገቢውን መመዝገብ ግን ከባድ ሆነብኝ። በስልክ የሚጫኑት የካሎሪ መተግበሪያዎች ቂጣቸውን፣ ፓስታቸውንና ቁራሽ ዳቦአቸውን በግራም ያውቃሉ፤ «አንድ እንጀራ» ሲባሉ ግን አንዱ 90፣ ሌላው 250፣ ሦስተኛው 600 ይላል። የማን እንጀራ? የሸገሩ ስስ ነው ወይስ የእናቴ ወፍራሙ? ስለዚህ ከገበያ በግራም የሚቆጥር ትንሽ ሚዛን ገዝቼ የራሴን ቤት ሊጥ መከታተል ጀመርኩ። ለአንድ ጊዜ ጋገራ 3 ኪሎ የጤፍ ዱቄት እናቦካለን፤ አብሲቱም ከዚያው ዱቄት የሚወሰድ ነው። ከምጣዱ የወጣው 24 እንጀራ ሆነ። ለአንዱ እንጀራ 125 ግራም ዱቄት ይደርሳል ማለት ነው። አንዱ እንጀራ ከበረደ በኋላ 340 ግራም መዘነ፤ የቀረው ውኃ ነው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ኪሎካሎሪና 73 ግራም ካርቦሃይድሬት ስለሚይዝ የእኔ አንድ እንጀራ 459 ኪሎካሎሪና 91 ግራም ካርቦሃይድሬት ሆኖ ተገኘ፤ ከካርቦሃይድሬቱ ውስጥ 10 ግራም ያህሉ አሰር (ፋይበር) ነው። ማቡካቱ ከስኳሩ ጥቂት ይበላል፣ ከሊጡ ላይ የሚቀዳው ውኃም ጥቂት ይዞ ይሄዳል፤ እሱን ለቀቅ አድርጌዋለሁ።

ይህ ቁጥር እንጀራን ሊያስጠላኝ ይገባ የነበረ ይመስላል። አላስጠላኝም። ያው አንድ እንጀራ 16 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ከሁለት እንቁላል ይበልጣል። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ በቀን ሁለት ሙሉ እንጀራ እበላ የነበረው ርቦኝ ሳይሆን እንጀራው ሌማቱ ላይ ስለተዘረጋ፣ ወጡ ሲያልቅ እንጀራው ስለቀረ፣ እንጀራው ሲያልቅ ደግሞ ወጡ ስለቀረ ነበር። ይህን አዙሪት ያደገበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቀጥዬ ዘይቱን ያዝኩ። ዘይትን በማንኪያ መመዝገብ ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ ሽንኩርት ሲቁላላ በዓይን ነው የሚፈሰው። ስለዚህ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በወር መጨረሻ ክምችት ቆጠራ ገባሁበት። ለአራት ሰዎች ቤት በወር 4 ሊትር ዘይት እናጠፋለን። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ወደ 8,280 ኪሎካሎሪ ይይዛል፤ አራቱ ሊትር ለአራት ሰውና ለሠላሳ ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 275 ያህል ይደርሳል። የእንጀራው 459 ዓይኔን ይዞት ሳለ፣ ከእሱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ማንም ሳያየው በወጡ ውስጥ ቀልጦ ይገባ ነበር።

ከዘይቱ ቀጥሎ ቡናው መጣ። በቤታችን በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል፤ ከዘጌ የሚመጣ ቡና ካለ ሦስት ጊዜም ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ለእያንዳንዱ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ስለሚሆን በሁለቱ ማፍላት 48 ግራም፣ 190 ኪሎካሎሪ ያህል ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል፤ እኔ ልበላ ላሰብኩት 1,560 ኪሎካሎሪ 10 በመቶው 39 ግራም ነው። በቡና ብቻ አልፌዋለሁ። የቡና ቁርሱ ቆሎ ደግሞ በእፍኝ የሚቆነጠር ስለሆነ ማንም ምግብ ብሎ አይቆጥረውም፤ 50 ግራም የገብስ ቆሎ ግን 175 ያህል ነው። ሁለቱን እንጀራ፣ ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ቆሎውን፣ የሽሮውንና የምስሩን 350፣ የጧቱን ዳቦ 265 ስደምር 2,173 መጣ። ጉድለቱን አገኘሁት። ከሚያስፈልገኝ በ110 ያህል ይበልጣል፤ ከሩብ እንጀራ ያነሰ ነገር ነው፤ ዓመት በዓመት ሲጠራቀም ግን ጤና ጣቢያው ሚዛን ላይ ያየሁት ነው።

እዚህ ላይ ካርቦሃይድሬት መቀነስ ራሱ ምን ይሠራል የሚለውን ማንሳት አለብኝ፤ ስለ እሱ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ወይ ማምለክ ወይ ማውገዝ ነውና። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በክሪስቶፈር ጋርድነር መሪነት የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለ12 ወራት ተከታተለ፤ ግማሹ ቅባት ቀንሶ፣ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ቀንሶ እንዲበላ ተመከረ። ሁለቱም ወገኖች ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲያስወግዱ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተነግሯቸው ነበር፤ ካሎሪ ግን ቁጠሩ አልተባሉም። በዓመቱ መጨረሻ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ ወርደው ተገኙ፤ ልዩነቱ በስሌት ሲመረመር ልዩነት የማይባል ነው። ከዚያ ይልቅ በየቡድኑ ውስጥ በሰውና በሰው መካከል የነበረው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነበር፤ አንዳንዱ ብዙ ኪሎ ቀንሶ ሌላው እንዲያውም ጨምሯል። ስለዚህ ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ የሚገኘው ጥቅም አስማት አይደለም። ፕሮቲንና አሰር ቦታውን ሲይዙ ሰው ቶሎ ይጠግባል፣ ከዳቦና ከስኳር ጋር የሚገቡት ያልታሰቡ ካሎሪዎችም አብረው ይወጣሉ። እኔን የጠቀመኝም ይኸው ነው፤ ቢሆንም በሌላ ሰው ቤት ዘይቱን መቀነስ ያንኑ ሊያደርግ እንደሚችል አምናለሁ።

በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት የያዘ አመጋገብ በባለሙያዎች ዘንድ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ከሚባለው ይመደባል። እኔ 120 አካባቢ ላይ ቆምኩ። ግማሽ እንጀራ በምሳ፣ ሩብ በእራት፣ ከጥራጥሬ ወጥ የሚመጣው 35 ግራም ያህል፣ አንድ ትንሽ ፍራፍሬ፤ በዚህ ይሞላል። ቁጥሩ ከኬቶው ይልቅ ለጋስ ነው፤ ነገር ግን ሌማት ላይ ከቤተሰቤ ጋር እንድቀመጥ ይፈቅድልኛል፤ ለብቻዬ ሳህን ይዤ ጥግ መቀመጥን ሞክሬው ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በላይ አልዘለቅሁበትም። የማንጎ ወቅት ሲሆን ፈተናው ይበረታል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ማንጎ በየበሩ ይሸጣል። አንድ መካከለኛ ማንጎ 25 ግራም ያህል ስኳር ይዞ ስለሚመጣ በዚያ ቀን የእራቱን ሩብ እንጀራ እተዋለሁ። ጭማቂ ቤት መግባት ግን ትቻለሁ፤ አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ሁለት ሦስት ፍሬ ፍራፍሬና በላዩ የሚጨመር ስኳር ስለሆነ ከሒሳቡ ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም።

ሐይቁ አጠገባችን መኖሩ ከሁሉ የበለጠ ረድቶኛል። መቶ ግራም የቀረሶ ዓሣ ሥጋ ወደ 96 ኪሎካሎሪ፣ 20 ግራም ፕሮቲን፣ ከ2 ግራም ያነሰ ቅባት ይይዛል፤ ካርቦሃይድሬት የለውም። ጧት ሐይቁ ዳር ከዓሣ አጥማጆቹ ስንገዛ እየገፈፉ ይሰጡናል፤ አምባዛው ትንሽ ቅባት ይበዛበታል፣ ልጆቼ ግን የሚወዱት እሱን ነው። ችግሩ አበሳሰላችን ነው። የእኛ ከተማ ዓሣ ማለት ዘይት ውስጥ ሰጥሞ የወጣ፣ ቆዳው የሚንኮሻኮሽ ጥብስ ነው። አንድ ቀን አራት ዓሣ ከመጥበሴ በፊትና በኋላ ዘይቱን መዘንኩት፤ 56 ግራም ጎድሎ ነበር። 504 ኪሎካሎሪ፤ ለእያንዳንዱ ዓሣ 126። ከዓሣው ሥጋ ራሱ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። አሁን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ሚጥሚጣ ለውሼ ምጣድ ላይ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አበስለዋለሁ፤ ወይም በቲማቲምና በቃሪያ ጉላሽ አደርገዋለሁ። ልጆቼ «ጥብሱ ይሻል ነበር» ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ጥብሱ ይሻላል።

ከባዱ ጾሙ ነው፤ ስለ ካርቦሃይድሬት ቅነሳ በውጭ አገር ሰዎች የሚነገረው ምክር ሁሉ ለእኛ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት ከ40 ቀን በላይ፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3፤ በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ የሐዋርያትም ጾም አለ። ሲደማመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀመስበት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ እኛ ቤት አይበላም፤ ጎረቤቶቻችን ይበላሉ፤ የጥብሱ ሽታ ግድግዳ አይከለክለውም። በጾም ቀን ገበታው ላይ የሚቀርቡት እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ድንች፣ ዳቦና ንፍሮ ናቸው፤ ሁሉም ካርቦሃይድሬት አለበት፤ ጎመኑ ጥግ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ላይ እስከ 9 ሰዓት ሳልቀምስ ቆይቼ ስፈታ የምበላው እጥፍ ነበር። ጾም ያከሳል የሚለው በእኔ መዝገብ ላይ አልታየም፤ በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ኪሎ ጨመርኩ።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት በኩል፣ ከአማቴ ነው። አማቴ በሜጫ ገጠር የሚኖሩ ሲሆን በየዓመቱ ከእህላቸው ጋር ግብጦ ይልኩልናል። እኔ ግብጦን የማውቀው በልጅነቴ በጣሳ እየተሰፈረ ሲሸጥ፣ ወይም የግብጦ አረቄ ሲወራ ነው፤ ምግብ ብዬ አስቤው አላውቅም። ከጎጃም ውጭ ያለ አንባቢ ምናልባት ላያውቀው ይችላል፤ የባቄላ ዘመድ የሆነ፣ ነጣ ያለ ጠፍጣፋ ፍሬ ነው፤ ለምነቱ በተሟጠጠ መሬት ላይ እንኳ ይበቅላል። የስብጥሩን ቁጥር ስመለከት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ተቀቅሎ ለመብላት የደረሰ መቶ ግራም ግብጦ 119 ኪሎካሎሪ፣ ከ15 ግራም በላይ ፕሮቲን፣ 10 ግራም እንኳ የማይሞላ ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። ያንኑ ያህል የተቀቀለ ምስር 116 ኪሎካሎሪ ይዞ ፕሮቲኑ 9፣ ካርቦሃይድሬቱ 20 ነው። በስልክ ላይ ያሉት መካሪዎች ከባሕር ማዶ የሚመጣ የለውዝ ዱቄት ግዙ ሲሉኝ፣ ከደጃችን የሚበቅለው ጆንያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ታዲያ ግብጦ እንዲሁ አይበላም። ፍሬው አልካሎይድ የሚባሉ መራራ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ምሬቱ ሳይወጣ የበላው ሰው ይመረዛል፤ አፍ ይደርቃል፣ ራስ ይዞራል፣ ዕይታ ይደበዝዛል። ስለዚህ አማቴ መጀመሪያ ምጣድ ላይ ለብ ለብ አድርገው ያምሱታል፤ ከዚያ ይቀቅሉታል፤ ከዚያ በጆንያ አስረው የሚወርድ ውኃ ውስጥ ለቀናት ያስቀምጡታል፤ አልካሎይዱ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ውኃው ይዞት ይሄዳል። እኔ ወንዝ ስለሌለኝ በትልቅ ባልዲ ዘፍዝፌ ጧትና ማታ ውኃውን እለውጣለሁ። በስልክ ስንት ቀን እንደሚበቃው ስጠይቃቸው «ቀኑን ምን ያደርግልሻል፤ ምላስሽ ይነግርሻል» አሉኝ። በእኔ ባልዲ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጃል። ምሬቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ልጣጩ ተገፍፎ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ይበላል፤ ደርቆ ተፈጭቶም ሽሮ ይሆናል። ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ግብጦም ሊያስነሳበት ስለሚችል ይጠንቀቅ።

አሁን የጾም ቀኔ እንዲህ ሆኗል። ስፈታ 150 ግራም ግብጦ፣ ግማሽ እንጀራ ከምስር ወጥና ከብዙ ጎመን ጋር፤ በኋላ ግማሽ አቮካዶና አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፤ ማታ ሩብ እንጀራ። ፕሮቲኑ 60 ግራም አካባቢ ይደርሳል፤ ፍስክ ሲሆን ወደ 85 አወጣዋለሁ። ሰው ክብደት ሲቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻውም እንዳይሄድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል፤ በፍስክ እቀርበዋለሁ፣ በጾም ግን እዚያ አልደርስም፤ ቢሆንም ከግብጦው በፊት ከነበርኩበት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ከዘይቱም በወር ከ4 ሊትር ወደ ሁለት ተኩል ወርደናል፤ ቡናዬ ያለ ስኳር ነው፤ ይህኛው ብቻ ሦስት ወር ያህል ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባላስታውሳቸው እመርጣለሁ።

እናቴ በመካከሉ የእኔን አይታ ልትከተል ብላ አስደነገጠችኝ። የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። አንድ ቀን ጧት እንጀራውን ትታ መድኃኒቷን እንደ ወትሮው ዋጠች፤ ከቀትር በፊት ላብ አጥምቋት እጇ ሲንቀጠቀጥ አገኘኋት። የስኳር ውኃ ሰጠናትና ተመለሰች። ይህ መድኃኒት ሰው በላም አልበላ ስኳርን የሚያወርድ ነው፤ ኢንሱሊንም እንዲሁ። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ መጠኑ አብሮ መስተካከል አለበት፤ እሱን የሚያስተካክለው ደግሞ ሐኪሟ እንጂ እኔ አይደለሁም። ሐኪሟ መጠኑን ከቀነሱላት በኋላ እንጀራዋን ወደ ግማሽ አወረደች፤ የስኳሯ ልኬትም ተሻሻለ። ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከዚህ ጽሑፍ ላይ ምንም ነገር ከመሞከራቸው በፊት ያማክሩ።

የእኔን ውጤት ልናገርና ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ከጥር እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ በስምንት ወር ውስጥ፣ ከ81 ወደ 72.5 ኪሎ ወረድኩ። በቀን 500 ጉድለት ቢሆን ኖሮ 15 ኪሎ ተኩል ያህል መሆን ነበረበት፤ የተገኘው ከግማሹ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው። ለምን? አንደኛ፣ የቀነሰ ሰውነት የሚያወጣውም ይቀንሳል፤ በ72.5 ኪሎ ያው ስሌት 1,940 ገደማ ይላል፤ ያንኑ 1,560 ብበላ ጉድለቱ ከ500 ወደ 380 ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ፋሲካ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ። በፋሲካ ሳምንት ዶሮ ወጡና ድፎ ዳቦው 1 ኪሎ ከ600 ግራም ጨምረውብኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ስለ ውኃው ስለማውቅ አልደነገጥኩም፤ በሁለት ሳምንት ወጣ። ሦስተኛ ጉርሻ አለ። ጉርሻን በምን ሒሳብ ላስገባው? አክስቴ ያጎረሰችኝን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ልመዝን አልችልም። በመዝገቤ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር ከፍቼለት በየበዓሉ 300 እጽፋለሁ፤ ኦዲተር ቢያየው አያልፍልኝም።

እንቅስቃሴን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ለክብደቱ ያደረገው ትንሽ ስለሆነ ነው። በዋርካዎቹ ጥላ ሥር ሐይቁን ይዞ አንድ ሰዓት መራመድ ለእኔ ክብደት ከ200 እስከ 250 ኪሎካሎሪ ቢያወጣ ነው፤ ግማሽ እንጀራ ይሸፍነዋል። ቢሆንም ሳይክሌን ከጋራዥ አውጥቼ ሥራ ቦታ በእሱ መሄድ ጀምሬአለሁ፤ ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሰበብ የለኝም። ወገቤ ከክብደቴ ይልቅ ቀድሞ የቀነሰ ይመስለኛል፤ ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አስጠብቤአለሁ። እናቴም «ከሳሽ» ማለቷን አላቆመችም፤ ድምፅዋ ግን ለስልሷል።

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። አማቴ የላኩት ግብጦ ተቀቅሎ ባልዲው ውስጥ ነው፤ ትናንት ማታ ውኃውን ለሦስተኛ ጊዜ ለወጥኩት። ዛሬ ጧት አንዱን ፍሬ አንስቼ ቀመስኩት፤ ገና ይመራል።